ስታዲየም አካባቢ በአንድ የግል ክሊኒክ ያገኘነው የቂጥኝ ምርመራ

በአዲስ አበባ ከጋብቻ በፊት የሚደረግ የጤና ምርመራ አብዛኛውን ጊዜ በኤች አይ ቪ ተጀምሮ በዚያው ያበቃል። እኔና እጮኛዬ ግን ቂጥኝንና የጉበት ቫይረስንም ጨምረን ለመመርመር ተስማምተን ከስታዲየም ወደ ለገሃር በሚወስደው መንገድ ዳር ወዳለ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድን። ከምስጋናው ጋር ቅሬታም ስላለኝ የክሊኒኩን ስም አልጠቅስም፤ የምጽፈው በዋናነት ስለ ቂጥኝ ምርመራው ነው።

ናሙናው ከጣት የሚወሰድ ጥቂት ደም ሲሆን፣ ፈጣን መመርመሪያው ውጤቱን የሚያሳየው ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ነው። በእጮኛዬ መመርመሪያ ላይ ምንም ምልክት አልታየም፤ በእኔ ላይ ግን መስመር ወጣ። የላቦራቶሪው ባለሙያ ይህን በኮሪደር ላይ አልነገረኝም፤ ወረቀቱን አጥፎ ለሐኪሙ ላከው። ሐኪሙም ከሁሉ አስቀድሞ «ከዚህ በፊት ለቂጥኝ ታክመው ያውቃሉ?» ሲል ጠየቀኝ። ከዓመታት በፊት ታክሜ ነበር፤ እጮኛዬም ይህን ታውቃለች። ለእኔ የክሊኒኩ ዋጋ ያለው በዚህች አንዲት ጥያቄ ውስጥ ነው። ፈጣኑ መመርመሪያ የሚፈልገው ሰውነት በባክቴሪያው ላይ ያመረተውን ፀረ እንግዳ አካል በመሆኑና ይህም በአብዛኞቹ ሰዎች ደም ውስጥ ከዳኑ በኋላም ዕድሜ ልክ ስለሚቆይ፣ መስመሩ አንድ ወቅት ላይ በሽታው ይዞኝ እንደነበረ እንጂ ዛሬ ታማሚ መሆኔን አይናገርም። ይህን የሚለየው ቪ ዲ አር ኤል ወይም አር ፒ አር የተባለው ሌላው ምርመራ ነው፤ እርሱ የሚለካው መጠን ከሕክምና በኋላ እየወረደ ይሄዳል። ለምሳሌ 1፡32 የነበረው (ደሙ 32 እጥፍ እስኪቀጥን ድረስ ምላሽ ይሰጣል ማለት ነው) ወደ 1፡8 ከወረደ፣ ማለትም በአራት እጅ ከቀነሰ፣ መድኃኒቱ እንደሠራ ይቆጠራል። የእኔው ጭራሽ ምላሽ የሌለው ሆኖ ተገኘ። ይኸኛው ምርመራ ደግሞ በወባ፣ በእርግዝናና በአንዳንድ ሌሎች ሕመሞች ምክንያት ያለ ቂጥኝ ምላሽ ሊያሳይ ስለሚችል፣ ሁለቱ ሳይነጻጸሩ የሚሰጥ ፍርድ አስተማማኝ አይደለም። መስመሩን ብቻ አይቶ «ፖዘቲቭ ነህ» ብሎ የሚያሰናብት ቤት ስንት እጮኝነት እንደሚያፈርስ መገመት አያዳግትም።

ሐኪሙ ከዚያ በኋላ ወደ እጮኛዬ ዞሮ ስለ በሽታው ያስረዳት ሲሆን፣ በግል ክሊኒክ ይህን ያህል ጊዜ የሚሰጥ ሐኪም ብዙ አላጋጠመኝም። በሽታውን የሚያመጣው ትሬፖኔማ ፓሊደም የተባለ እንደ ቡሽ መክፈቻ የተጠማዘዘ ባክቴሪያ ነው፤ ተለይቶ የታወቀውም እ.ኤ.አ. በ1905 በርሊን ውስጥ ነው። በግንኙነት ከተላለፈ ከ10 እስከ 90 ቀናት ባለው ጊዜ፣ በአማካይ በሦስተኛው ሳምንት፣ በገባበት ቦታ ላይ የማያም ቁስል ይወጣል። ቁስሉ ያለ ምንም መድኃኒት ከ3 እስከ 6 ሳምንት ውስጥ ይደርቃል፤ አታላይነቱም እዚህ ላይ ነው። በዚያ ሰሞን የተወሰደው ሁሉ፣ የባህል መድኃኒቱም ከፋርማሲ የተገዛው ቅባትም፣ እንዳዳነ ይቆጠራልና። ከሳምንታት በኋላ መዳፍንና የእግር መርገጫን ጭምር የሚይዝ ሽፍታ ይመጣል፤ እርሱም በራሱ ይጠፋል። ቀጥሎ በሽታው ለዓመታት ድምፁን ያጠፋና ካልታከመ በአንዳንዶች ላይ ልብን፣ አንጎልንና ዓይንን ይጎዳል። እጮኛዬ ፀሐይ ላይ በመሽናት ይመጣል የሚባለውን አንስታ ስትጠይቅ፣ ሐኪሙ ሳይስቅባት በሽታው በፀሐይም በሽንት ቤት መቀመጫም እንደማይመጣ አስረዳት። በዘር ይወረሳል የሚባለውንም እንዲሁ አስተካከለ፤ ልጅን የሚይዘው በእርግዝና ወይም በወሊድ ጊዜ ከእናቱ ነው፤ እናትየው ከመውለዷ ቢያንስ 30 ቀን ቀደም ብላ ተገቢውን መርፌ ከጀመረች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መከላከል ይቻላል። በጤና ጣቢያ የቅድመ ወሊድ ክትትል ላይ የቂጥኝ ምርመራ የሚታዘዘውም ለዚሁ ነው። በቅርቡ ለበሽታው የተጋለጠ ሰው የመጀመሪያው ውጤት ነጻ ቢሆንም ከሦስት ወር በኋላ እንዲደግም ይመከራል።

ሕክምናውን በተመለከተ አገልግሎቱ ይጎድለዋል። ለመጀመሪያ ደረጃ ቂጥኝ የሚሰጠው በአንድ ጊዜ 2.4 ሚሊዮን ዩኒት ቤንዛቲን ፔኒሲሊን በጡንቻ ሲሆን፣ ከዓመት በላይ ለቆየ ወይም መቼ እንደጀመረ ላልታወቀ ደግሞ ይኸው መጠን በሳምንት አንድ ጊዜ ለሦስት ሳምንት ይወጋል። ክሊኒኩ ግን መድኃኒቱን በእጁ አያስቀምጥም፤ ታካሚው ማዘዣውን ይዞ ከፋርማሲ ገዝቶ መመለስ አለበት። በአንድ መርፌ በሚያልቅ ሕክምና ላይ ታካሚን ወደ ውጭ መላክ ሳይመለስ እንዲቀር መንገድ መክፈት ነው። ሲስተሯ በበኩሏ መርፌው በተወጋ በ24 ሰዓት ውስጥ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የማለት ስሜት ሊመጣ እንደሚችል፣ ይህም ባክቴሪያው ሲሞት የሚከሰት እንጂ የመድኃኒቱ አለርጂ እንዳልሆነ አጠገባችን ለነበረ ወጣት ስታስረዳ ሰምቻለሁ። ማብራሪያዋ ትክክል ነው፤ እኛ መስማታችን ግን ትክክል አልነበረም። የመርፌ ክፍሉን ከመጠበቂያው የሚለየው መጋረጃ ብቻ ነው።

ከዚህ የባሰው ካርድ ክፍል ነው። መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛ የምርመራውን ዓይነት ከወረፋው ፊት ጮክ ብላ ትጠይቃለች። ወደዚያ የምትሄዱ ከሆነ «ሐኪም ለማየት ነው» ብላችሁ ካርድ ማውጣት ትችላላችሁ፤ ምርመራውን የሚያዘው ሐኪሙ ስለሆነ ቀሪውን በሩ ከተዘጋ በኋላ ለእርሱ መንገር ይበቃል።