የአክስቴ ደብዳቤዎችና ሁለት ፍሬም ቤቶች

ዘንድሮ ከሜሪላንድ አዲስ አበባ ስገባ ፍሬም ቤት ለፍሬም ቤት እዞራለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር። የአያቴን ሳጥን ስንከፍት ግን ሦስት ደብዳቤ አገኘን። አክስቴ በ1967 ዓ.ም ለእድገት በኅብረት ዘምታ ከወለጋ የላከቻቸው ናቸው። በደብተር ሉክ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ። አያቴ ፊደል ስላልቆጠረች የጎረቤት ልጅ ነበር የሚያነብላት። እጥፋቱ እንደ ድርቆሽ ይሰባበራል።

የመጀመሪያው ቤት ልጅ ገና ሳያየው "ላሚኔት አድርገነው ይገላገሉ" አለኝ። ኧረ በፍጹም! ላስቲኩ በሙቀት ቀልጦ ነው ወረቀቱ ላይ የሚጣበቀው፣ ማን ያላቅቀዋል? ስልክ ላናግር ዞር ስል ደግሞ የተቀደደውን በፕላስተር ለጥፎ ጠበቀኝ። "አጠናከርኩት" ይላል። የፕላስተር ሙጫ ቆይቶ ቢጫ ሆኖ ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል። ተናድጄ ወጣሁ።

ሁለተኛው ቤት ያሉት ጋሼ መጀመሪያ እጃቸውን ታጠቡ። ደብዳቤውን አላነሱትም፤ ንጹሕ ካርቶን ከሥሩ አንሸራተው ከነካርቶኑ ወደ መስኮቱ ወሰዱት። ትንሽ አዩትና "ልጄ፣ ይሄ የሚሰቀል አይደለም። ብርሃን ይበላዋል። ኮፒውን እንስቀል" አሉኝ። ሥራ የሚያስቀር ምክር ነበር፣ ግን ልክ ናቸው።

አጠገባቸው ያለው ማተሚያ ቤት በ600 ዲፒአይ ጥራት ስካን አደረገልኝ። ወረቀት እየጎተተ የሚያስገባው ማሽን ላይ እንዳይሆን፣ ጠፍጣፋው ላይ ብቻ ብዬ ቆሜ አሠራሁ። የቀለም ኅትመቱ የወረቀቱን ቢጫነት ሳይቀር አውጥቶታል።

ጋሼ መስታወቱ ወረቀቱን እንዳይነካ ዙሪያውን በወፍራም ካርቶን ከፍ አድርገው ገጠሙት። ለጀርባው ችፑድ ሊያደርጉ ነበር። ለኮፒ ምን ችግር አለው፣ ይሁን አልኩ። ዋናው ቢሆን ኖሮ እሺ አልልም፤ ከእንጨት የሚወጣው አሲድ ወረቀትን ቢጫና ተሰባሪ ያደርጋል። ዋናዎቹን አሲድ በሌለው ፎልደር ዘርግቼ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጫለሁ። ፎልደሩን በዞርኩባቸው መደብሮች ስላጣሁት በመንገደኛ አስመጣሁት።

አንድ ቅሬታ አለኝ። ለማክሰኞ የተባለው ፍሬም "ነገ፣ ነገ" ሲባል ዓርብ ደረሰ። በረራዬ ቅዳሜ ነበር። ቢሆንም ሥራቸው ንጹሕ ነው፣ እንደገናም እሄዳለሁ።

አክስቴ ግድግዳው ላይ ስታየው መነጽሯን አድርጋ ተጠጋች። አነበበችና በሳቅ ፈረሰች።

"ከሁሉም መርጣችሁ ሳሙና ላኩልኝ ያልኩበትን ሰቀላችሁት?"