ኦልት-ታብ ስትጫኑ ጌሙ ምን ያደርጋል?

ጌም ሲገዛ ሁሉም ግራፊክሱን ያያል። እኔ ግን አሁን አሁን መጀመሪያ የምጠይቀው ኦልት-ታብ (ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው የሚያሻግሩትን ሁለት ቁልፎች) ስጫን ምን እንደሚያደርግ ነው። አንዴ የቆየ ጌም በፉል ስክሪን ከፍቼ ኢሜይል ላይ ልመልስ ወጣሁ። ስክሪኑ ጠቆረ፣ የማውሱ ቀስት ጠፋ፣ ሙዚቃው ብቻ ቀረ። ኮምፒውተሩን በግድ ሳጠፋው ሴቭ ያላደረግኩት ሁለት ገጽ ጽሑፍ አብሮ ሄደ።

ስታርዱ ቫሊ የሚባለው የእርሻ ጌም ከዚህ አንጻር ጨዋ ነው። መስኮቱ ከፊት ካልሆነ ጨዋታው እንዲቆም የሚያደርግ ምርጫ አለው። ወደ ሥራችሁ ስትዞሩ ዶሮዎቹም ባሉበት ይጠብቃሉ። ችግሩ ሴቩ ላይ ነው። ኮምፒውተር ላይ ሴቭ የሚያደርገው ገበሬው ሲተኛ ነው፤ የጌሙ አንድ ቀን ደግሞ 14 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። አለቃ ጠርቷችሁ መሃል ላይ ከዘጋችሁት የዚያ ቀን ልፋት ውኃ በላው።

ፋክቶሪዮ የሚባለው የፋብሪካ ግንባታ ጌም ተቃራኒው ነው። በፈለጋችሁት ሰዓት ሴቭ ታደርጋላችሁ፣ ትታችሁት ስትወጡ ግን አይቆምም። እናንተ ሪፖርት ስትጽፉ ብረቱ ይቀልጣል፣ ምርምሩ ይቀጥላል። እኔ የምወደው ለዚህ ነው። ግን በጭሱ የሚቆጡት ተናካሽ ነፍሳትም እረፍት አያውቁም፤ ስትመለሱ ግማሽ ግንብ ፈርሶ ልታገኙ ትችላላችሁ። ብቻችሁን ስትጫወቱ ኢስኬፕ ተጭናችሁ ብትወጡ ይቆማል። ፋብሪካው ሲገዝፍ አውቶሴቩ (ጌሙ በራሱ የሚያደርገው ሴቭ) ዊንዶውስ ላይ ለአፍታ ያደርቀዋል። ሊኑክስ ላይ ግን ሳይቆም ከጀርባ ሴቭ የሚያደርግበት ምርጫ አለ። ቅናሽ እስኪወጣ ልጠብቅ የምትሉ ደግሞ ተዉት፤ ሠሪዎቹ ቅናሽ አያደርጉም።

ሲቪላይዜሽን 6 በተራ የሚሄድ ስለሆነ ቡና አፍልታችሁ እስክትመለሱ ይጠብቃል። መጠበቁ ግን ማረፍ አይደለም። ማንም ሳይነካው ካርታውን በየሰከንዱ ደጋግሞ ይሥላል፣ የላፕቶፑ ፋንም ይጮኻል። ቪ-ሲንክ (ጌሙ ስክሪኑ ከሚችለው በላይ ደጋግሞ እንዳይሥል የሚገታው ሴቲንግ) ማብራት ያግዛል። ("አንድ ተራ ብቻ" ብሎ እስከ ሌሊት የመቆየቱን ነገር ሴቲንግ አያስተካክለውም።)

ቫሎራንት የሚባለው የኢንተርኔት ተኩስ ጌም በነጻ ነው፣ በሥራ መሃል ለሚጫወት ሰው ግን አልመክረውም። ግጥሚያው መሃል ላይ አይቆምም። ቫንጋርድ የሚባለው ማጭበርበር መከላከያውም ዊንዶውስ ሲነሳ አብሮ ይነሳል፣ ከርነል (የዊንዶውስ እምብርት) ድረስ ይገባል። ካጠፋችሁት ደግሞ ለመጫወት ኮምፒውተሩን ሪስታርት ማድረግ አለባችሁ።

ስልክ ቶሎ ቶሎ ለሚጠራው ሰው ፋክቶሪዮ ይሻላል። ሩብ ሰዓት ሳይቋረጥ ማግኘት የሚችል ስታርዱን ይውሰድ። ላፕቶፓችሁ ቶሎ የሚግል ከሆነ ሲቪላይዜሽን ይቅርባችሁ። ስቲም ከሚባለው የኢንተርኔት ጌም መደብር የገዛችሁትን በ14 ቀን ውስጥ፣ ከ2 ሰዓት በታች ከተጫወታችሁት መመለስ ትችላላችሁ። ስለዚህ ገና እንደከፈታችሁት አሥር ጊዜ ኦልት-ታብ በሉበት፣ ጌሙ ኮምፒውተሩን ምን ያህል እንደሚያሠራው የሚያሳየውን ታስክ ማናጀርም እዩት። ከበስተጀርባ ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜም ከ2 ሰዓቱ ላይ ስለሚቆጠር ከፍታችሁት ምሳ አትሂዱ።