ደሴ ላይ የሚሰጠው የዲጂታል ሂውማኒቲስና የምርምር ዳታ አያያዝ ሥልጠና፦ ምኑ ይበጃል? ምኑ ይታረም?

ደሴ ላይ ለመምህራን፣ ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎችና ለባህልና ቱሪዝም ባለሙያዎች የሚሰጠው ይህ የአምስት ቀን ሥልጠና (ዲጂታል ሂውማኒቲስ ማለት ቋንቋን፣ ታሪክንና ባህልን በኮምፒውተር ማጥናት ነው) የብራና ፎቶ፣ የመንዙማ ቅጂ ወይም በኤክሴል የተሞላ መዝገብ በእጁ ላለ ሰው በእርግጥ ይጠቅማል። ትልቁ ብርታቱ ልምምዱ ከወሎ በተገኘ ነገር ላይ መሆኑ ነው፦ የግእዝ ብራና ዝርዝር፣ በዐረብ ፊደል የተጻፈ አማርኛ ማለትም ዐጀሚ፣ የመንዙማ ድምፅ። ትልቁ ጉድለቱ ደግሞ ከባለቤቶቹ ፈቃድ የመጠየቅን ጉዳይ እስከ መጨረሻው ቀን ከሰዓት ማቆየቱ ነው፤ ወደዚያ እንመጣለን።

ከአምስቱ ቀን ሊያመልጥ የማይገባው ሁለተኛው ነው። ርእሱ «ዳታ ማጽዳት» ይባል እንጂ ግማሹ የሚያልቀው በቀን አቆጣጠር ነው፤ ማለቁም ተገቢ ነው። ከመስክ በመጣ ሰንጠረዥ ውስጥ ጳጉሜን 5 ቀን 2010 ዓ.ም. «5/13/2010» ተብሎ ገብቷል እንበል። ኮምፒውተሩ በአሜሪካ የቀን አጻጻፍ የተስተካከለ ከሆነ ኤክሴል ፊተኛውን ቁጥር እንደ ወር ያነብና ሜይ 13 ቀን 2010 ያደርገዋል። ትክክለኛው በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 10 ቀን 2018 ነው። ከስምንት ዓመት በላይ የሆነ ስሕተት ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ገባ ማለት ነው። ከሥሩ ያለው «30/6/2010»፣ የካቲት 30 መሆኑ ነው፣ ሠላሳኛ ወር ስለሌለ ተራ ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል። መለያው ቀላል ነው፦ ኤክሴል ቀን ነው ብሎ የተቀበለው ወደ ቀኝ ይጠጋል፣ ያልተቀበለው ወደ ግራ። በአንድ ዓምድ ሁለቱም ከታዩ ዓምዱ ተደባልቋል።

አሠልጣኞቹ የሚያስይዙት መፍትሔ ትክክል ነው። ገና አንድ ቁጥር ሳይገባ ዓምዶቹን «ጽሑፍ» ማድረግ፤ ዓመት፣ ወርና ቀንን በሦስት ዓምድ ለያይቶ መጻፍ፤ በአራተኛው የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ማመልከት፤ በአምስተኛው ወደ ጎርጎርዮስ የተቀየረውን ማኖር። አራተኛው ዓምድ በተለይ ለወሎ ግዴታ ነው፤ የዐጀሚና የዐረብኛ ጽሑፎች ዘመናቸውን በሒጅራ ስለሚይዙ። የሒጅራ ዓመት 354 ወይም 355 ቀን ስለሆነ አንድ ቋሚ ቁጥር ደምሮ መቀየር አይቻልም። ዓመቱ ብቻ የታወቀ ሰነድ ላይም መጠንቀቅ ያሻል፦ 1985 ዓ.ም. በጎርጎርዮስ 1992 እና 1993 ላይ ያርፋል፣ ስለዚህ ሁለቱም ይጻፋሉ። ሰባት ልደምር ወይስ ስምንት ብሎ በግምት አንዱን መምረጥ የለም።

የፊደል ክፍለ ጊዜውም የተዋጣለት ነው። «ሐይቅ»፣ «ሀይቅ»፣ «ሃይቅ»፣ «ኃይቅ» ለኮምፒውተር አራት የተለያዩ ቦታዎች ናቸው። ኦፕንሪፋይን የተባለው የሰንጠረዥ ማጽጃ ፕሮግራም ተመሳሳይ ቃላትን ሰብስቦ የሚያሳይበት መደበኛ ዘዴ እነዚህን አያገናኝም፤ የተሠራው የላቲንን ትልቅና ትንሽ ፊደል፣ ሥርዓተ ነጥብና የቃላት ቅደም ተከተል ለማስማማት ነው። ስለዚህ ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ እና ፀ ከነሰባቱ ሆሄያቸው፣ በድምሩ 35 ፊደል፣ በአንድ ትእዛዝ በድምፅ አቻዎቻቸው በሀ፣ ሰ፣ አ እና ጸ ይተካሉ፤ እንደ ኋ ያሉት ዲቃሎች፣ ሃ እና ኣ ለብቻ ይታያሉ። ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን በተቀዳ አዲስ ዓምድ ላይ ነው። ዋናው ዓምድ ጸሐፊው እንዳስቀመጠው ይቆያል፤ ግእዝ ላይ የ«ሠ» እና የ«ሰ» መለዋወጥ ትርጉም ይቀይራልና። ፕሮግራሙ በብራውዘር ስለሚከፈት ኢንተርኔት የሚፈልግ የሚመስለው ብዙ ነው፤ የሚሠራው ግን በራስ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። አዘጋጆቹ ፕሮግራሙ እንዲሠራ የሚያስፈልገው ጃቫ አብሮት ያለውን ቅጂ በፍላሽ ማደላቸው ኔትወርክ ሲጠፋ ሥራው እንዳይቆም አድርጓል። በየአምስት ደቂቃው ራሱ ስለሚያስቀምጥ መብራት ሲጠፋም ጉዳቱ ትንሽ ነው።

አንድ ነገር ግን በችኮላ ታልፏል። አማርኛ ያለበትን የሲኤስቪ ፋይል (ሰንጠረዥን በተራ ጽሑፍ የሚይዝ ነው) ሁለት ጊዜ ተጭኖ መክፈት ፊደሉን የማይነበብ ምልክት ሊያደርገው ይችላል። ያን ጊዜ ሳያስቀምጡ መዝጋት፣ ከዚያ በኤክሴል «ዳታ» በኩል አስገብቶ የአማርኛ ፊደልን የሚያውቀውን የፊደል ኮድ፣ 65001 ዩቲኤፍ-8ን፣ መምረጥ ነው። ከዚህ የከፋው ሲያስቀምጡ ነው፤ ዩቲኤፍ-8 ያልተባለውን ተራውን ሲኤስቪ የመረጠ ሰው ፊደሉ በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይቀርበታል፣ ከዚያ ፋይል የሚመለስ ነገር የለም። ይህ ሩብ ሰዓት ሳይሆን ሙሉ ልምምድ ይገባው ነበር።

የፎቶው ቀን ደኅና ነው። ማስመሪያና የቀለም ካርድ አብሮ ማንሣት፣ ባዶውን ቅጠልና ሽፋኑን አለመዝለል፣ የቅጠሉን ፊትና ጀርባ 1ሀ፣ 1ለ እያሉ መቁጠር፣ ሁሉም ተነግሯል። የፋይል ስም በላቲን ፊደልና ቁጥር ብቻ ይሁን መባሉ አንዳንዱን ቅር ቢያሰኝም ምክንያት አለው፦ በአማርኛ የተሰየመ ፋይል ዚፕ ተደርጎ በቆየ ፕሮግራም ሲፈታ ስሙ ሊበላሽ ይችላል። የአማርኛው ርእስ ሰንጠረዡ ውስጥ ይግባ። የቆየ መለያ ቁጥር ካለም አብሮ መግባት አለበት። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የአባ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል የኢትዮጵያን ብራናዎች በማይክሮፊልም ባነሣው ፕሮጀክት (ኢኤምኤምኤል) ቁጥር 1832 ተብሎ ተመዝግቧል፤ ይህን ቁጥር ያልያዘ አዲስ ፎቶ ከቀድሞው ጥናት ጋር መገናኛ አይኖረውም። ለዐጀሚ ቋንቋውና ፊደሉ በሁለት ዓምድ እንዲለዩ መደረጉ እጅግ ደስ ያሰኛል፤ «ዐረብኛ» ብቻ ተብሎ የተመዘገበ የአማርኛ ግጥም ፈላጊው ሳያገኘው ይቀራል።

ለድምፅ የተሰጠው መመሪያ ዌቭ (ያልታመቀ የድምፅ ፋይል)፣ 48 ኪሎኸርዝ፣ 24 ቢት ነው። የአንድ ሰዓት ስቴሪዮ ቅጂ አንድ ጊጋባይት ገደማ ይይዛል። የድምፅ መጠን ሲስተካከል መንዙማውን በሚያወጣው ሰው ድምፅ ሳይሆን ድቤው ጠንክሮ ሲመታ መለካት አለበት፤ አለዚያ የሚቀበለው ሕዝብና ድቤው ሲገጥሙ ቅጂው ይሰነጠቃል፣ በኋላም አይጠገንም። ማከማቻ ላይ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ፣ አንዱ ከሕንፃው ውጭ የሚለው ደንብ ተለማምዷል። በፋት32 የፋይል አቀማመጥ ፎርማት የተደረገ ፍላሽ ቦታ እያለው እንኳ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ፋይል እንደማይቀበል ግን የነገረ የለም፤ ቪዲዮ ለሚቀርጽ ይህ ወሳኝ ነው።

አሁን ወደ ፈቃዱ። ዳታን ዜኖዶ በተባለው የምርምር ዳታ ማኖሪያ ድረ ገጽ ላይ ማስቀመጥ በደንብ ተሠርቷል፦ በአንድ መዝገብ እስከ 50 ጊጋባይት፣ ቋሚ የዲኦአይ መለያ ቁጥር፣ ፋይሉን ዘግቶ መግለጫውን ብቻ የማሳየት ምርጫ። ነገር ግን ይህን ሁሉ የተማረው ሰው ድምፁንና ፎቶውን ካሰባሰበ በኋላ ነው ስለ ፈቃድ የሚሰማው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስሙ ብቻ ተጠቅሶ ታልፏል። የታደለው ቅጽም «መረጃዎ ለሕዝብ ክፍት ይደረጋል» ይላል፤ ይህን ፈርሞ ምን እንደፈቀደ የሚያውቅ ጥቂት ነው። መጠየቅ ያለበት እንዲህ ነው፦ «ሼሃችን፣ ይህ ድምፅዎ ኢንተርኔት ላይ ወጥቶ የማያውቁዎት ሰዎች ቢሰሙት ይፈቅዳሉ? ከሐድራ (መንዙማው ከሚባልበት ጉባኤ) ውጭ መሰማት የሌለበት ክፍል አለ?» ለገዳምም እንደዚያው፦ «አባ፣ ፎቶውን ባሕር ማዶ ያለ ሰው ቢያየው ይፈቅዳሉ? መጽሐፉ የት እንደሚቀመጥ እንዳንጽፍ ይፈልጋሉ?» ቅርስ ይሰረቃል፤ የዕቃ ቤቱን ቦታ የሚያሳይ ፎቶም ሆነ ከፎቶ ጋር የተያያዘ የጂፒኤስ ነጥብ መውጣት የለበትም። አንድ ቅጂ ለባለቤቶቹ በሚከፍቱት መሣሪያ መተውም ቅጹ ላይ መስፈር አለበት።

አዘጋጆቹ ይህን ክፍል ካሜራና መቅረጫ ከመነካቱ በፊት ወደ መጀመሪያው ቀን ጠዋት ቢያመጡት ሌላው ፕሮግራም ሳይነካ ይስተካከላል። ለመመዝገብ ያሰበ ሰው ባትሪው የሚይዝ ላፕቶፕ፣ ከራሱ ሥራ የተወሰደ ሃምሳ ያህል መስመር ያለው ሰንጠረዥና ባዶ ፍላሽ ይዞ ይሂድ፤ የአዘጋጆቹ ምሳሌ ንጹሕ ስለሆነ የራሱን ችግር አያሳየውም።