ሚቱቶዮ 513-404 ከስምንት ወር በኋላ፦ ለጀማሪ የመጀመሪያው ቴስት ኢንዲኬተር

እዚህ የሚገመገመው ሚኒ ሌዝ (ቶርኖ) እና ትንሽ ሚሊንግ ማሽን ባለበት የቤት ወርክሾፕ ውስጥ ለስምንት ወር ያገለገለ ሚቱቶዮ 513-404-10ኢ፣ ማለትም የገጽን ጥቃቅን ልዩነት በመርፌ የሚያሳይ ቴስት ኢንዲኬተር ነው። ሥራው በአብዛኛው ሦስት ነበር፦ በባለ አራት መንጋጋ ቸክ (የሌዙ ዕቃ መያዣ) የታሰረን ዕቃ መሐል ማስገባት፣ የሚሊንጉን ሞርሳ ማስተካከል፣ የሚሊንጉን ስፒንድል (መቁረጫውን የሚያዞረውን ዘንግ) ከጠረጴዛው ጋር ቀጥ ማድረግ። ፍርዱን አስቀድሞ ለመናገር፣ ለመጀመሪያ ግዢ ከዚህ መጠን የተሻለ ምርጫ አይታየንም። ውጤት ሲበላሽ ግን ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ ኢንዲኬተሩ አይደለም፤ የያዘው ክንድ ወይም የጣቱ አቀማመጥ ነው። ጽሑፉም በነዚህ ላይ ረዘም ይላል።

ዳያል ጌጅ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ቀጥ ብሎ የሚገባና የሚወጣ ዘንግ ያለውን ነው። ያኛው በተለመደው መጠኑ 10 ሚሊ ይጓዛል፤ የሌዙ ካሬጅ (መቁረጫውን ይዞ የሚንሸራተተው ክፍል) ምን ያህል እንደሄደ ለመለካት ይመቻል። ቴስት ኢንዲኬተር ግን ስታይለስ የሚባል፣ ከሥሩ ተሰክቶ ወደ ጎን የሚወዛወዝ ቀጭን ጣት አለው። ጫፉ ላይ 2 ሚሊ የካርባይድ ኳስ አለ። ዘንጉ የማይገባበት ጠባብ ቀዳዳ ውስጥ ጣቱ ይገባል፤ የሚገፋውም በጣም በቀላሉ ነው፣ ከ0.3 ኒውተን አይበልጥም። ከላይም ከታችም ቢነካ ያነብባል፤ በአንዳንድ አሮጌ ሞዴሎች ላይ ያለው አቅጣጫ መቀየሪያ ማንሻ እዚህ የለም። ጣቱ በፍሪክሽን ስለተያዘ አንግሉን ለመቀየር ብሎን መፍታት አያስፈልግም፤ በእጅ ገፋ ሲደረግ ይዞራል።

የ513-404 አንድ መስመር 0.01 ሚሊ ነው። ፊቱ 0-40-0 ተብሎ፣ ማለትም ዙሪያውን በ80 መስመር ስለተከፋፈለ ጠቅላላ ጉዞው 0.8 ሚሊ ብቻ ነው። ይህን መሣሪያ እንደ ካሊፐር «ስንት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ያዝናል። የተሠራው «እዚህና እዚያ እኩል ነው ወይ?» ለሚለው ጥያቄ ነው።

ወንድሙ 513-405 አንድ መስመሩ 0.002 ሚሊ፣ ጉዞው 0.2 ሚሊ ነው። ጀማሪን የሚያታልለው ይኼኛው ነው፤ የረቀቀ ሁሉ የተሻለ ይመስላልና። በትንሽ ሌዝ ላይ የስፒንድሉ ቦልቤሪንግ ራሱ ጥቂት ማይክሮን ያወዛውዛል፣ የእጅ ሙቀት ብረቱን ያሳብጣል፣ ጠረጴዛ ላይ ክርን ሲያርፍ መርፌው ይደንሳል። በ0.2 ሚሊ ጉዞ ደግሞ ገና በግምት የታሰረ ዕቃን መከተል አይቻልም፤ አንድ መንጋጋ ሲጠብቅ መርፌው ከመጨረሻው ላይ ይደርሳል። 0.002ቱ የሚያስፈልገው የመፍጫ ማሽን ወይም ጥሩ ግራናይት ፕሌት (ለልኬት የተስተካከለ ጠፍጣፋ ድንጋይ) ላለው ሰው ነው።

ስለ ሞዴል ቁጥሩ አንድ ማስጠንቀቂያ፣ በተለይ አሜሪካ ላለ ዘመድ «ስትመጣ ይዘህልኝ ና» ለሚል ሰው። 513-402 የኢንች ነው፤ መስመሩ 0.0005 ኢንች፣ ጉዞው 0.03 ኢንች። በመልክ ከ404 አይለይም፣ እዚያ በብዛት የሚሸጠውም እሱ ነው። የሜትሪኩ መያዣ ዘንግ 8 ሚሊ ሲሆን የኢንቹ 3/8 ኢንች፣ ማለትም 9.5 ሚሊ ገደማ ነው፤ ተሳስቶ ከመጣ ባለ 8 ሚሊ መያዣ ውስጥ አይገባም። ቁጥሩን በቃል ከመንገር ጽፎ መላክ ይሻላል። የዚህ ፋብሪካ ዕቃዎች አስመሳይም ስላላቸው ዋጋው ከሌሎች ሻጮች በግማሽ ወርዶ ከተገኘ መጠራጠር ነው።

አሁን ወደ ጣቱ አንግል። ኢንዲኬተሩ በትክክል የሚያነበው ጣቱ ከሚነካው ገጽ ጋር ትይዩ ሊሆን ሲቃረብ ነው። ጣቱ በተዘቀዘቀ ቁጥር መርፌው ከእውነተኛው አብዝቶ ይናገራል። በ10 ዲግሪ ስህተቱ 1.5 በመቶ ስለሆነ መርሳት ይቻላል። በ30 ዲግሪ 0.10 ብሎ ያነበበው በእውነት 0.087 ነው። በ60 ዲግሪ ደግሞ ግማሹ ውሸት ነው። ዕቃ መሐል ሲገባ ይህ ብዙም አይጎዳም፤ የሚፈለገው መርፌው እንዳይንቀሳቀስ ነው፣ ዜሮ ደግሞ በየትኛውም አንግል ዜሮ ነው። የሚጎዳው «ይህ ጫፍ በ0.06 ከፍ ብሏል» ተብሎ በቁጥሩ ላይ ሥራ ሲሠራ ነው። ታዋቂዎቹ የስዊስ ኢንተራፒድ ቴስት ኢንዲኬተሮች ጣታቸው 12 ዲግሪ ላይ ሲሆን በትክክል እንዲያነብቡ ተደርገው የተሠሩ ናቸው፤ በሚቱቶዮው ግን ጣቱን ማስተኛት የተጠቃሚው ሥራ ነው።

ጣት መቀየርም ተመሳሳይ ወጥመድ አለው። ጥልቅ ቀዳዳ ለመድረስ ሁለት እጥፍ የሚረዝም ጣት ከተገጠመ መርፌው የሚያሳየው የእውነቱን ግማሽ ነው። ለማነጻጸር ይሠራል፣ ለመለካት አይሠራም። የጣቱ ማሰሪያ ብሎን ጥርስም በየፋብሪካው ስለሚለያይ የሌላ ፋብሪካ ጣት በግድ አይጠበቅም።

ከሁሉ በላይ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው መያዣው ነው። ርካሹ ማግኔት ቤዝ (በማግኔት ተጣብቆ የሚቆም መያዣ)፣ ሁለት ዘንግና ሁለት ማጥበቂያ ያለው፣ ለዳያል ጌጅ ይበቃል፤ ለቴስት ኢንዲኬተር ግን ማጥበቂያዎቹ ሲጠብቁ ራሳቸው ስለሚዞሩ መርፌውን ዜሮ ላይ ማምጣት ትዕግሥት ይጨርሳል። በአንድ እጀታ ሦስቱም መገጣጠሚያ የሚጠብቅለት፣ ጫፉ ላይ ደቂቅ ማስተካከያ ያለው፣ እንደ እስራኤሉ ኖጋ ዓይነት ክንድ በጣም ይለያል። ክንዱ በተቻለ መጠን ያጠረ ይሁን፤ ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን በዚያው ጉልበት የሚታጠፈው ስምንት እጥፍ ነው። ለመፈተሽ ኢንዲኬተሩ አጠገብ ክንዱን በጣት በቀስታ ገፋ አድርጎ መልቀቅ ነው። መርፌው ወደ ነበረበት መስመር ካልተመለሰ የሆነ ቦታ ላልቷል፣ ወይም ማግኔቱ ሥር ብናኝ ብረት አለ።

በሚኒ ሌዝ ላይ ማግኔት ቤዝ የሚቆምበት ቦታ ጠባብ ነው። የተሻለው ቱል ፖስት (የመቁረጫው ማሰሪያ) ላይ የሚታሰር መያዣ መሥራት ነው። 12 በ12 ሚሊ ካሬ ብረት በ80 ሚሊ ይቆረጣል፣ ከጫፉ 10 ሚሊ ገባ ብሎ በ7.8 ፑንታ ይበሳና በ8 ሪመር (ቀዳዳን በልኩ የሚያለሰልስ መሣሪያ) ይጨረሳል፣ ከጫፉ እስከ ቀዳዳው በብረት መጋዝ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁን አቋርጦ ኤም 4 ብሎን ይገባበታል። የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ በስምንት ወሩ ውስጥ ከማግኔት ቤዙ ይልቅ ይኼኛው ነው ብዙ ያገለገለው።

በባለ አራት መንጋጋ ቸክ ላይ ሥራው እንዲህ ይሄዳል። ማሽኑ ከኤሌክትሪክ ይነቀላል። መንጋጋዎቹ ከ1 እስከ 4 ይቆጠራሉ፤ 1 ከ3 ጋር፣ 2 ከ4 ጋር ጥንድ ናቸው። ዕቃው በዓይን ወይም በዳያል ጌጅ ከ0.3 ሚሊ ስህተት በታች እስኪደርስ ይስተካከላል፤ ከመሐል 0.4 ሚሊ የወጣ ዕቃ ሲዞር 0.8 ሚሊ ስለሚያንቀሳቅስ ጉዞው አይበቃም። ከዚያ ጣቱ በስፒንድሉ ከፍታ ልክ ይነካል፣ ከ10 እስከ 20 መስመር ያህል ይጫናል። ቸኩ በእጅ የሚዞረው ገጹ ጣቱን እየጎተተው እንዲያልፍ እንጂ ፊት ለፊት እንዲገፋው አይደለም። መንጋጋ 1 ፊት ለፊት ሲመጣ 34፣ መንጋጋ 3 ሲመጣ 10 ካነበበ ልዩነቱ 24 መስመር ነው፣ ዕቃው ግን የሚገፋው በግማሹ፣ በ0.12 ሚሊ ነው። መንጋጋ 1 ወደ ኢንዲኬተሩ ይመለሳል፣ መንጋጋ 3 በትንሹ ይላላል፣ መርፌው 22 እስኪያነብ መንጋጋ 1 ይጠብቃል። ከዚያ ሌላው ጥንድ። ጀማሪ የሚሳሳተው ሙሉውን 24 ሲገፋ ነው፤ ዕቃው ወደ ማዶ ይሻገርና ማለቂያ የሌለው ምልልስ ይሆናል። የመጨረሻው ማጥበቅም ትንሽ ስለሚያንቀሳቅስ ሁሉም መንጋጋ ከጠበቀ በኋላ አንድ ዙር እንደገና ማየት ያስፈልጋል።

ሞርሳው ቀላል ነው። ከጠረጴዛው ጋር ከሚያስሩት ብሎኖች አንዱ ጠበቅ፣ ሌላው ለዘብ ይደረጋል፤ ጣቱ በማይንቀሳቀሰው መንጋጋ ላይ ይሄዳል፤ በጠበቀው ብሎን በኩል ዜሮ ይደረግና ሌላው ጫፍ በፕላስቲክ መዶሻ እየተነካ ወደ ዜሮ ይመጣል። ሁለት ሦስት ጊዜ ሲመላለስ 100 ሚሊ ላይ 0.01 ይገኛል።

ስፒንድሉን ቀጥ ማድረግ ግን አድካሚ ነው። ኢንዲኬተሩ ስፒንድሉ ላይ ታስሮ በጠረጴዛው ላይ 200 ሚሊ ስፋት ያለው ክብ እየሠራ ይዞራል። የጠረጴዛው ቲ ቦዮች ጣቱን ሲጥሉትና ከማዶው ጠርዝ ጋር ሲያጋጩት ቶሎ ይጎዳል። አዲስ የመኪና ፍሬን ዲስክ ጠረጴዛው ላይ ማስቀመጥ ጥሩ መፍትሔ ነው፤ ሁለቱ ገጾቹ ትይዩ መሆናቸውን በማይክሮሜትር ዙሪያውን ማየት ብቻ ነው። በግራና በቀኝ መካከል 0.06 ሚሊ ልዩነት ቢገኝና የኮለሙ (ስፒንድሉን የተሸከመው ቋሚ) ብሎኖች በ100 ሚሊ ቢራራቁ፣ ከኮለሙ ሥር የሚገባው 0.03 ሚሊ ነው፤ መርፌው አብዝቶ በተጫነበት በኩል። ሁለት ንጣፍ የወጥ ቤት ፎይል እዚያ አካባቢ ነው፣ የለስላሳ ጣሳ ቆርቆሮ 0.1 ገደማ ነው።

ሌዝ ላይ ኢንዲኬተሩን ቸክ ላይ አስሮ የቴይልስቶኩን (ከቸኩ ፊት ለፊት የሚቆመውን የዕቃ ደጋፊ) ቀዳዳ መዞር ግን አሳሳች ነው። ክንዱ በራሱ ክብደት ይወርዳል፤ ከላይና ከታች ያለው ንባብ የቴይልስቶኩ ሳይሆን የክንዱ ሊሆን ይችላል። የግራና የቀኙ ንባብ ግን ይታመናል።

ከስምንት ወር በኋላ ፊቱ ላይ ጥቂት ጭረት አለ፣ የኳሱ ጫፍ በማጉያ ሲታይ አልተበላም። በየወሩ የሚደረገው ፈተና ቀላል ነው፦ ጣቱ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ዜሮ ይደረጋል፣ ውፍረቱ በማይክሮሜትር የተረጋገጠ 0.10 ፊለር ጌጅ (ስስ የመለኪያ ቆርቆሮ) ከሥሩ ይገባል፣ 10 መስመር መሄዱና ሲወጣ ወደ ዜሮ መመለሱ ይታያል። አሥር ጊዜ ተደግሞ ከግማሽ መስመር በላይ ካልዋለለ ደህና ነው። ርካሽ ኢንዲኬተሮች ብዙውን ጊዜ የሚወድቁት እዚህ ነው፤ መርፌው ሲሄድ ትክክል ሆኖ ሲመለስ ይቀራል። ሱቅ ውስጥ ከመግዛት በፊት ይህን ብቻ መሞከር ብዙ ያድናል።

የሚያስቸግረው ነገር ፊቱ አንድ አቅጣጫ ብቻ ማየቱ ነው። ሚሊንጉ ላይ ስፒንድሉ ሲዞር ግማሹን ጊዜ ፊቱ ወደ ኮለሙ ይዞራል፤ አንገት ከማጣመም የስልክ ካሜራ ማስገባት ይቀላል።

ዘይት አይነካውም። የጠበቀ ሲመስል ጠብታ ዘይት መጨመር ብናኙን ይዞ ጥርሶቹን ያጣብቃል። ከሥራ በኋላ በደረቅ ጨርቅ፣ ኳሱ ላይ ብቻ በትንሽ አልኮል። ኩላንት የሚረጭበት ቦታ አይቀመጥም፣ ጣቱ ቁልፍ ቦይ ያለበትን ዘንግ እየነካ ማሽኑ በሞተር አይነሳም። ሣጥኑ ውስጥ ሲመለስም ጣቱ ቀጥ ብሎ መግባቱን ማየት ነው፤ ጣቱ ጎን ብሎ ክዳኑ በኃይል ከተዘጋ የሚታጠፈው እሱ ነው።