ለላላ የሞተር መተንፈሻ፦ ኦርጅናል ጎሚኒ፣ ኮፒ ወይስ ሲሊኮን?

የአሮጌ ሃይሉክስ ኮፈን ክፈቱና የባልቦላውን ክዳን፣ ማለትም የሞተሩን የላይኛ ክዳን፣ ተመልከቱ። ላዩ ላይ አውራ ጣት የምታህል የመተንፈሻ ቫልቭ ተሰክታለች። ከእሷ የሚነሳው ቱቦ አየርና ቤንዚን ወደ ሲሊንደሮቹ ወደሚያስገባው ማኒፎልድ ይሄዳል። ቫልቯን በሁለት ጣት ያዙና ወዝወዝ አድርጓት። ሊወልቅ እንደደረሰ የልጅ ጥርስ ከተነቃነቀች፣ ዙሪያዋንም አቧራ የጠጣ ዘይት ከከበባት፣ ክዳኑ ላይ የሚይዛት ላስቲክ፣ ጎሚኒው፣ አልቋል።

የእኔ መኪና 22አር ሞተር ያለው የቤንዚን ሃይሉክስ ነው፤ 2.4 ሊትር፣ አራት ሲሊንደር፣ ካርቡራተር። ለዚህች ላስቲክ ሦስት መንገድ ሞክሬያለሁ፣ ሁለቱ ገንዘቤን በልተዋል። ምርጫዬን ከአሁኑ ልናገር፦ ኦርጅናል ጎሚኒ ከአዲስ ቫልቭ ጋር ግዙ። ግን ኦርጅናሉም የማያድነው ሞተር አለና መጀመሪያ እሱን እንለይ።

ሞተር ሲሠራ ጥቂት የተቃጠለ ጋዝ በፒስተኑ ፋሻ (ፒስተኑን በሚከብበው የብረት ቀለበት) አጠገብ ሾልኮ ወደ ታች ያመልጣል። መውጫ ካጣ ዘይቱን ያበላሻል፣ ፓራወሊዮም (የዘይት ማገጃውን ላስቲክ) ይገፋል። ቫልቯ ይህን ጋዝ መጥና ወደ ማኒፎልድ ትመልሰዋለች፤ እዚያ ከቤንዚኑ ጋር ይቃጠላል። ቫልቯን ክዳኑ ላይ አጥብቆ የሚይዛት ቀለበት ላስቲክ ነው። ጎሚኒ የምንለው እሱን ነው። ሙቀትና ዘይት ሲፈራረቁበት ይደርቃል፣ ይኮማተራል።

ከላላ ምን ይመጣል? በካርቡራተር ሞተር ላይ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ብዙም ላይረበሽ ይችላል። ለዚህ ነው ብዙ ሰው ችላ የሚለው። ነገር ግን በፊልትሮ ያላለፈ አየር በክፍተቱ ይገባል፤ በፒስታ መንገድ ለሚነዳ ሰው ደግሞ አየር ማለት አቧራ ማለት ነው። ያ አቧራ ዘይቱ ውስጥ ያድራል። ኢንጀክሽን ባለው በ22አርኢ ላይ ምልክቱ ቶሎ ይታያል። የአየር መለኪያው ያልቆጠረው አየር ስለሚገባ ሚኒሞው ይዋዥቃል።

አሁን ወደ ልየታው። ቫልቯን ንቀሉና ጎሚኒውን በጥፍር ጫን በሉት። ደህና ላስቲክ ጎድጎድ ብሎ ይመለሳል። የደረቀ እንደ ብስኩት ይሰነጠቃል። ከደረቀ ጥሩ ዜና ነው፣ ችግሩ ላስቲኩ ብቻ ነው። ለስላሳ ሆኖ ሳለ ቫልቯ ደጋግማ ተስፈንጥራ ከወጣች ግን ከስር የሚገፋት ግፊት አለ። ቫልቯን አራግፏት፤ ቅጭል ቅጭል ካላለች ተደፍናለች። ሞተሩን አስነስታችሁ ከቱቦው ጋር እንዳለች ጫፏን በጣት ዝጉ፤ ጣታችሁን መሳብ አለባት። ቫልቯም ቱቦውም ደህና ሆነው የዘይት መሙያው አፍ እንደሚፈላ ማንቆርቆሪያ ጭስ ከተፋ፣ ፋሻው ወይም ሲሊንደሩ ተበልቷል። በዚህ ጊዜ የትኛውንም ጎሚኒ አትግዙ። ገንዘቡን ለሞተሩ ያዙት።

ኦርጅናልና ኮፒ

መርካቶ ሶማሌ ተራ አንዱ ሱቅ ገብቼ ጎሚኒ ስጠይቅ፣ ልጁ አንድ እፍኝ ሙሉ ባንኮው ላይ ዘረገፈልኝ። «ጋሼ፣ ይቺ ትገባለች» ብሎ አንዷን አነሳ። አሮጌዋን ከኪሴ አውጥቼ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። የውጭ ስፋታቸው እኩል ነው። ዙሪያውን የምትዞረዋ ቦይ ግን በአዲሷ ላይ ሰፋ ትላለች። ልዩነቱ እዚች ቦይ ላይ ነው። ኦርጅናሉ በክዳኑ ውፍረት ልክ ስለተሠራ ሲገባ ጠቅ ይላል፣ አይሽከረከርም። ቦይዋ የሰፋች ኮፒ ትገባለች፣ ግን በወሩ እንደገና ትጫወታለች። የመጀመሪያው ገንዘቤ የሄደው በዚህ ነው።

ኮፒ ሁሉ መጥፎ ነው አልልም። ዘይት ከሚችል ናይትራይል ላስቲክ የተሠራ ልኩን የጠበቀ ኮፒ ለዓመታት ያገለግላል። ችግሩ ከምን እንደተሠራ ማሸጊያው አለመናገሩ ነው። ኢፒዲኤም የሚባለው ላስቲክ ለውሃ ቱቦ ግሩም ነው፤ የሞተር ዘይት ሲነካው ግን ያብጣል። ኮፒ ከመረጣችሁ ሁለት ግዙ። አንዱን ሁለት ሦስት ቀን የሞተር ዘይት ውስጥ ዘፍዝፉና ካልተዘፈዘፈው ጋር አስተያዩ። ካበጠ ወይም ከተዝለገለገ ሁለቱንም ጣሉ። ከሁሉም የሚሻለው ቫይቶን ነው፣ ሙቀትም ዘይትም ይችላል። የምታምኑት ሻጭ ካላችሁ ጠይቁት።

ከመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ ተቆርጦ የሚሠራው እስከ ጋራዥ ያደርሳል። ከዚያ በላይ አትጠብቁበት። እሱም ዘይት ሲጠጣ ያብጣል።

ሲሊኮን

በዋጋም በፍጥነትም የሚያጓጓው ይሄ ነው። አንድ መካኒክ ቫልቬን ዙሪያዋን በሲሊኮን ለጥፎ በአሥር ደቂቃ ሸኘኝ። ዘይቱ በደንብ አልተጠረገም ነበር፣ የሚፈልገውን 24 ሰዓትም አልደረቀም። ለጥቂት ወራት ያዘ። ከዚያ ክዳኑን ለሌላ ሥራ ስናወርድ የሲሊኮን ቁራጭ እንደ ትል ተጠቅልላ ከክዳኑ ስር ባለው ቴስታታ ላይ ተኝታ አገኘኋት። ያኔ የተሰማኝ ድንጋጤ እስካሁን አለቀቀኝም። ያቺ ቁራጭ ወደ ታች ብትወርድ የዘይት ፓምፑ መጥለያ ላይ ትለጠፍ ነበር። ሌላም ችግር አለ፦ የተጣበቀች ቫልቭን ለመፈተሽ መንቀል አይቻልም። ሲሊኮን በኮፒና በኦርጅናል ፋንታ የሚገዛ ዕቃ አይደለም።

ያገለገለ ሙሉ ክዳን የሚያዋጣው ቀዳዳው ራሱ ከተሰነጠቀ ወይም ከተበላ ብቻ ነው። ከአዲስ ጋርኒሲዮን (የክዳኑ ማሸጊያ) ጋር ፊትና ኋላ ያሉትን የግማሽ ጨረቃ ላስቲኮች ጨምራችሁ ቁጠሩት።

ከአገር ቤት ካጣችሁ፣ አሜሪካ ዘመድ ያለው ሰው ዕድለኛ ነው። ባለ 22አርኢ የቶዮታ ፒክአፕ እዚያ እስከ 1995 እ.ኤ.አ. ድረስ ስለተሸጠ ዕቃው አሁንም ይገኛል፤ ጎሚኒና ቫልቭ ደግሞ የሸሚዝ ኪስ ውስጥ ይገባሉ። ከማዘዛችሁ በፊት የቀዳዳውን ስፋት፣ የክዳኑን ውፍረትና የቫልቯን አንገት በካሊፐር ለኩና ከአሮጌዋ ፎቶ ጋር ላኩ።

ስትቀይሩ አሮጌውን በጠመንጃ መፍቻ ወደ ውስጥ አትግፉት፤ ተፈርክሶ ይገባል። ክዳኑን አውርዳችሁ ገልብጡና ከውስጥ በኩል ልቀሙት። አዲሱን በንጹሕ ዘይት አርሱት። መጀመሪያ ጎሚኒውን ክዳኑ ላይ አስገቡ፣ ቫልቯን በኋላ። ዙሪያውን በቤንዚን ጨርቅ ጠርጋችሁ ተዉት። ከሳምንት ፒስታ በኋላ በጣት ስትዳብሱት ደረቅ አቧራ ብቻ ከያዘ፣ ገጥሟል።