ነጭ ሸሚዝ ባሕር ዳር ላይ፦ ሐይቁ ዳር ያለችው ላውንደሪ

የሞርሞን (የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን) ሚስዮናዊ ወንድ ከሆነ 2 ዓመት፣ ሴት ከሆነች 18 ወር ከቤት ርቆ ያገለግላል። ወንዶቹ ባብዛኛው ነጭ ሸሚዝና ክራባት ናቸው። ልብስ ለማጠብ፣ ለመገብየትና ለቤተሰብ ለመጻፍ በሳምንት አንድ የዝግጅት ቀን አላቸው፤ ብዙውን ጊዜ ሰኞ። እንዲህ ላለ ደንበኛ ይህቺ ላውንደሪ ትሆናለች? በእጥበቱ አዎ፣ በሰዓቱ ግን ክረምት ላይ አይ።

ነጠላና ጋቢ ሲያጥብ የኖረ እጅ ነጭ ያውቃል። አንገትጌውን በቀዝቃዛ ውኃ አርሰው፣ ፈሳሽ ሳሙና ቀብተው፣ 30 ደቂቃ አቆይተው ያሹታል። በረኪና እንዳይነካው ግን አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ የላብ እድፍ ላይ ሲያርፍ ቢጫ ያደርገዋል። መብራት ሲጠፋ የከሰል ካውያ ያወጣሉ፤ ፍንጣሪ አመድ ኪሱ ላይ ካረፈ እንደገና መታጠብ ነው። ስስ ጨርቅ ጣል አድርገው እንዲተኩሱ ጠይቁ።

ማድረቂያ ማሽን የላቸውም። በጋ ላይ ጠዋት የገባ ማታ ይወጣል፤ ሐምሌና ነሐሴ ግን ሁለት ቀን ጠብቁ፣ 5 ሸሚዝ የሚበቃው ሰው 7 ይያዝ። ስትረከቡ ቁልፎቹን ቁጠሩ።

ቡና ይጋብዛሉ፤ ሞርሞኖች ግን ቡናም ሻይም አይጠጡምና ለስላሳ ቢኖር ደግ ነበር።