ዱቄቱ ያደለበው ሻጩን ነው

መራዊ አካባቢ የኮጋን መስኖ ጠልፋችሁ በኩሬ ቆሮሶ አሳ የምታረቡ ወዳጆቼ፣ ይቺን ሳታነቡ ብራችሁን እንዳታወጡ። «የአሳ ኢንዛይም»፣ ማለትም መኖው አሳው ሆድ ውስጥ እንዲፈጭ ያግዛል የሚባል ነጭ ዱቄት፣ በየቤቱ እየዞረ ነው። እኔ አንዱን ኪሎ በ2,400 ብር ገዛሁ። ተሸወድኩ።

ሻጩ አፈ ጮሌ ነው። «ጋሼ፣ ፉርሽካውና የኑግ ፋጉሎው አሳው ሆድ ውስጥ ሳይፈጭ ነው የሚወጣው። ይሄን ይጨምሩበት፣ በሁለት ወር እጥፍ ይሆናል» አለኝ። የሚያናድደው ግማሹ እውነት መሆኑ ነው። በፉርሽካም በፋጉሎም ውስጥ ያለው ፎስፈረስ አብዛኛው ፋይቴት በሚባል ነገር ታስሮ የተቀመጠ ነው። አሳ ያንን መፍታት አይችልም። ፋይቴዝ የሚባለው ኢንዛይም ግን ይፈታዋል። አሳው ፎስፈረሱን ያገኛል፤ ከኩሳቸው ጋር ኩሬው ውስጥ የሚቀረውም ስለሚቀንስ ውሃው ቶሎ አረንጓዴ አይለብስም። እስከዚህ ድረስ ልክ ነው።

«እንዴት ልስጠው?» ብለው «ከመኖው ጋር ይቀቅሉታል» አለኝ። መንቃት የነበረብኝ እዚህ ላይ ነበር። ኢንዛይም ፕሮቲን ነው። እንደ እንቁላል ነው፣ ከፈላ አበቃለት። ደህናውን የሚሰጡ ሰዎች መኖው ተቀቅሎ ከቀዘቀዘ በኋላ በትንሽ ውሃ በጥብጠው ይረጩበታል። እኔ ሁለት ወር ሙሉ በድስት ስቀቅለው ከረምኩ። እውነተኛ ቢሆን እንኳ ገድዬዋለሁ።

ጥሬ አኩሪ አተር የምትሰጡ ካላችሁ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። አኩሪ አተር የፕሮቲን መፈጨትን የሚያግድ ነገር አለው፤ እሱን የሚያጠፋው እሳት ነው፣ ፋይቴዝ አይነካውም። ስለዚህ መጀመሪያ እሳት፣ ከዚያ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ ኢንዛይም።

ማሸጊያውን አገላብጬ ያየሁት ጅብ ከሄደ በኋላ ነው። ተራ ፌስታል፣ አፉ በሻማ የተለበለበ። የአምራቹ ስም የለ፣ የሚያበቃበት ቀን የለ፣ ዩኒቱ የለ። ኢንዛይም የሚለካው በዩኒት ነው። ፋይቴዝ ለአሳ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ለ1 ኪሎ መኖ ከ500 እስከ 1,000 ዩኒት ነው። ይህ ካልተጻፈ ስንት ማንኪያ እንደሚበቃ ሻጩም አያውቅም።

አቼቶ ጠብ ባደርግበት ተንቸፈቸፈ። የኖራ ድንጋይ አለበት ማለት ነው። ደህናው ኢንዛይምም ከኖራ ድንጋይ ዱቄት ጋር ተደባልቆ ሊመጣ ስለሚችል በዚህ ብቻ ሌባ ነው አልልም። በፌስታሉ ግን እላለሁ።

ለዶሮ የተሠራውንም ኢንዛይም ለአሳ ብለው የሚሸጡ አይጠፉም። ዶሮ ሰውነቷ 41 ዲግሪ ገደማ ነው። አሳ ግን ውሃው የሞቀውን ያህል ነው የሚሞቀው፣ የእኛ ኩሬ በሐምሌ ምን እንደሚመስል እግሩን የከተተ ያውቀዋል። በብርድ ኢንዛይሙም ይለግማል። ቆሮሶ ራሱ በደንብ የሚያድገው ከ26 እስከ 30 ዲግሪ ባለ ውሃ ነው። በክረምት፣ በሁለት ወር እጥፍ? የትኛውም ዱቄት አያደርገውም።

ደውዬለት ነበር። «ጋሼ፣ የውሃዎ ችግር ነው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ስልክ አያነሳም። አሁን ወደ ዱርቤቴ በኩል ታይቷል አሉ። ደጃችሁ ከመጣ ስንት ዩኒት እንደሆነ ጠይቁት። ባሕር ዳር የምትመላለሱ ደግሞ ከመግዛታችሁ በፊት ለአሳ ምርምር ማዕከሉ ባለሙያዎች አሳዩት።